ኢኮ ልማር ወይ ለምትሉኝ ሁሉ

በየሳምንቱ አንድ ሰው ይደውልልኛል። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳት ልጅ፣ አንዴማ ኤርፖርት ያደረሰኝ የኡበር ሾፌር ቁጥሬን ለሚስቱ ሰጥቷት እሷ ደወለች። ጥያቄው አንድ ነው። "ያ ኢኮ የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ የተማርሽው ያዋጣል?" ስልክ ላይ ያንኑ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልሸፋፍን ስለምናገር ስሙ ይቅር። ዲሲ አካባቢ ያለ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ነው። ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ አሁን በሙያው እየሠራሁ ነው። ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ። አልትራሳውንድ ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው እርግዝና ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት "ልጄ ነፍሰ ጡር ነው የምታየው" ትላለች፤ ማስረዳት ትቻለሁ። እኔ የማየው ልብ ነው። ደረት ላይ ጄል ቀብተን ፕሮብ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እናሳርፋለን፣ የድምፅ ሞገድ ይገባል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ማሽኑ ከዚያ ሥዕል ይሠራል። ጨረር የለውም። አራቱ የልብ ክፍሎች፣ በሮቹ፣ ደሙ በየት በኩል በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ሁሉ ይታያል። ውጤቱን የሚያነበው ካርዲዮሎጂስቱ ነው። ግን የሚያነበው እኛ ያነሳነውን ነው። እኛ ያለፍነውን እሱ ከየት ያመጣዋል? ራጅ ቢሆን ቁሙ፣ ትንፋሽ ያዙ ትባላላችሁ፣ ያልቃል። ኢኮ ግን እጅ ነው። አንድ በሽተኛን በአንድ ማሽን ሁለት ሰው ቢያየው ሁለት ዓይነት ሥዕል ሊወጣ ይችላል።

አገር ቤት ኢኮ የሚሠራው በአብዛኛው ሐኪሙ ራሱ ስለሆነ፣ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ብዙዎቻችን የምንሰማው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። እኔም ያወቅኩት ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ ሌሊት ስሠራ ነው። አንዲት ልጅ ማሽኗን እየገፋች ገብታ በሽተኛዬን ማየት ጀመረች። ተቀምጣ ነበር የምትሠራው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሳበኝ ልቡም ቴክኖሎጂውም አይደለም። መቀመጧ ነው።

እሺ፣ ምዝገባ። መጀመሪያ የደወልኩት ሌላ ቦታ ነበር። ስልክ ያነሳችው ሴትዮ ማር ናት። ክፍያው በየወሩ፣ ምዝገባው ዛሬ፣ ትምህርቱ በሚቀጥለው ወር። ካርዴን አውጥቼ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ "ካሄፕ እንዳላቸው ጠይቂ" ብላኝ ስለነበር ብቻ ጠየቅኩ። ካሄፕ ለጤና ሙያ ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጥ ድርጅት ነው። "ትምህርት ቤታችን እውቅና አለው" አለችኝ ሴትዮዋ። ፕሮግራሙስ? ስላት ስለ ፓርኪንጉ አወራችኝ። ሦስቴ ጠየቅኳት፣ ሦስቴም ፓርኪንግ። ካርዴን መለስኩ።

ይህቺን ነገር በደንብ ያዙልኝ። የትምህርት ቤቱ እውቅናና የፕሮግራሙ እውቅና ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ካሄፕ እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙ ነው፤ እሱንም በዘርፍ በዘርፉ። የሆድ አልትራሳውንድ እውቅና ያለው ቦታ የልብ ላይኖረው ይችላል። ለምን ይጠቅማል አትሉም? ሆስፒታል ስታመለክቱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የሪጅስትሪ ፈተና፣ ማለትም የሙያ ማረጋገጫውን ፈተና ማለፋችሁን ነው፣ ዲፕሎማው ኋላ ነው። ከካሄፕ ፕሮግራም የወጣ ሰው ፈተናው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል። ያለዚያ በአብዛኛው 12 ወር ሙሉ ጊዜ በሙያው የሠራችሁበትን ማስረጃ አምጡ ትባላላችሁ። ሳትፈተኑ ማን ይቀጥራችኋል? ሳትቀጠሩስ 12 ወሩ ከየት ይመጣል? እዚህ አዙሪት ውስጥ የገባች ልጅ አውቃለሁ። ዕዳዋን ይዛ ዛሬም ደም ትቀዳለች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ያጠፋችው ነገር ቢኖር አለመጠየቋ ነው።

"ሁለት ዓመት" የሚለውንም ወረቀት እንዳታምኑ። ከመግባታችሁ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ አልጀብራ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ መጨረስ አለባችሁ። ለእኔ ያ ብቻ አንድ ዓመት ተኩል ወሰደ፣ ማታ እየሠራሁ። ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ወረፋ። በመጀመሪያው ዓመት አልተቀበሉኝም፣ በሁለተኛው ገባሁ። 14 ሆነን ጀመርን፣ 9 ሆነን ጨረስን።

ከወጡት አምስት ሦስቱን ያስወጣቸው ፊዚክስ ነው። እኔ ደግሞ ከጠቅላላው ፕሮግራም ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለፊዚክስ መምህሩ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኢኮ የሠሩ። ለምሳሌ አሊያሲንግ የሚባል ነገር አለ። ደሙ ማሽኑ ከሚከታተለው በላይ ሲፈጥን ሥዕሉ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ማናችንም አልገባንም። "ፊልም ላይ የጋሪ ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር አይታችሁ አታውቁም?" አሉ። ጎማው የሚሄደው ወደፊት ነው፤ ካሜራው ነው ቶሎ ቶሎ ያላነሳው። በቃ፣ ገባኝ። እስከ ዛሬም አልወጣም።

የግፊቱም ስሌት እንደዚሁ። የደሙን ፍጥነት በራሱ ታባዙታላችሁ፣ የመጣውን በአራት። ደሙ ከልብ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ በሚወጣበት በአዎርታ በር ሲያልፍ በሰከንድ 4 ሜትር ከሮጠ፣ አራት በአራት 16፣ 16 በአራት 64። ከበሩ በፊትና ከበሩ በኋላ ያለው ግፊት በ64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተለያየ ማለት ነው። ያ በር ክፉኛ ጠቧል። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ናት። ግን ሰውየው በሩ ይቀየርለት አይቀየርለት የሚለው ወሬ ከዚህች ቁጥር ነው የሚጀምረው። መምህሩ ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ጸጥ አለ።

የልምምድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ ደግሞ የዚያኑ ያህል ያናድዳል። ለ14 ሰው ሦስት ማሽን። አንዱ ሴሚስተሩን ሙሉ "ጥገና ላይ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ከረመ። ስናጉረመርም የፊዚክሱ መምህር ሳቁና የኤድለርንና የኸርትዝን ታሪክ አወሩልን። ሉንድ፣ ስዊድን፣ 1953። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የፊዚክስ ሰው። ልብን በድምፅ ሞገድ ለማየት የመጀመሪያ ሙከራቸውን ያደረጉት ከማልሞ መርከብ መሥሪያ በተዋሱት ማሽን ነው። ብረት ላይ ስንጥቅ መፈለጊያ! "እነሱ በዚያ ከሞከሩ እናንተ በዚህ ምን ያቅታችኋል?" አሉን። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ኤድለርና ኸርትዝ የትምህርት ክፍያ አልከፈሉም።

በሳምንት ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን የፕሮብ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነበር። ለጊታር እንኳ አይበቃም።

የመጀመሪያዋን ቀን ልንገራችሁ። የክፍል ጓደኛዬ በግራ ጎኗ ተኛች፣ ግራ እጇን ራስጌ አደረገች። ፕሮቡን ከደረት አጥንቷ በስተግራ፣ የጎድን አጥንት መሀል አሳረፍኩ። ፕሮቡ ላይ ያለችው ምልክት ወደ ቀኝ ትከሻዋ። ልክ እንደተባልኩት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጉም ነው። ግራጫ ጉም። ሳንባዋ ነው መሰለኝ። ትንሽ ወደ ላይ፣ አጥንት። ትንሽ ወደ ታች፣ ጉም። ላብ አጠመቀኝ፣ ልጅቷ "እየገፋሽኝ ነው" ትላለች፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዓት ያያሉ። የላብራቶሪ መምህሯ ከኋላዬ መጥታ ፕሮቡን አልነካችም። ልጅቷን ብቻ "ትንፋሽሽን አውጪና ያዢ" አለቻት። ጉሙ ተገለጠ። ሚትራል የሚባለው በር ሁለት ክንፉን እያጨበጨበ ብቅ አለ፣ ልክ ጉባኤ ላይ እልልታ ሲቀልጥ እንደሚያጨበጭቡ እጆች። የሌላ ሰው ልብ ሲመታ አየሁ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጅቷ ተነፈሰች፣ ጉሙ ተመለሰ።

ያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በደስታ ይሁን በንዴት አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህንን ትምህርት የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ክሊኒካሉ፣ ማለትም ሆስፒታል ገብታችሁ የምትለማመዱት ነው። ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ሁሉ ተደምሮ ጥሩ ክሊኒካል ቦታ ከማግኘት አይበልጥም። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ ቢነግረኝ ኖሮ ስለ ሕንፃው ማማር ሳይሆን ስለ እሱ ነበር የምጠይቀው።

በሁለተኛው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ናችሁ። በነፃ። ክፍያ የለም፣ እንዲያውም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ክሬዲቱ ይከፈልበታላ። ክትባት፣ የቲቢ ምርመራ፣ የወንጀል ማጣሪያ፣ የዕፅ ምርመራ፣ ሲፒአር፣ ሁሉም ከኪስ። ቦታውን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ የደረሰኝ ከቤቴ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚርቅ ሆስፒታል ነበር። ርቀቱን ቻልኩት። ያልቻልኩት እዚያ ያለችውን አሠልጣኝ ነው። ተማሪ አታስነካም። "ዛሬ ቢዚ ነን፣ ተመልከቺ" ትለኛለች። ሁሌም ቢዚ ናቸው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ሳነጥፍ፣ ፕሮብ ስጠርግ፣ ጄል ስሞላ ከረምኩ። ይሄን ሲኤንኤ ሆኜ በደሞዝ እሠራው አልነበር?

ለትምህርት ቤቱ የክሊኒካል አስተባባሪ ጻፍኩላት። "ታገሺ" አለችኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ዝም። ሦስተኛውን ስጽፍ የተመደብኩበትን ቀን፣ ያየሁትን በሽተኛ ብዛት፣ በእጄ የሠራሁትን ብዛት በሠንጠረዥ አድርጌ ላኩ። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። በሳምንቱ ቦታ ቀየሩልኝ። እኛ አበሾች ይሉኝታ ይዞን እንታገሳለን። አትታገሱ። ጻፉ።

ሁለተኛው ቦታ ሌላ ዓለም ነበር። አሠልጣኜ ፊሊፒናዊት ናት፣ ቁጡ። በመጀመሪያው ቀን እጄን በእጇ ይዛ ፕሮቡ ላይ አስቀመጠችው። "በትከሻሽ አትጫኚ፣ ክብደትሽን አሳርፊበት" አለችኝ። ከዚያ አልጋውን ከፍ፣ ወንበሩን ዝቅ፣ ክርኔን ወደ ጎኔ። የፕሮቡ ገመድ አንገቴ ላይ እንዲያርፍ አደረገች፣ እጄን እንዳይጎትት። የራሷ ቀኝ ትከሻ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ተደርጓል። በሙያው ያሉ ሰዎች ሲጠየቁ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት እያመማቸው እንደሚሠሩ ይናገራሉ። ይሄ በምዝገባ ቀን የማይነገር ነገር ነው። ተቀምጦ መሥራት አማረኝ ብዬ የገባሁ ሴትዮ፣ ዛሬ ከሥራ መልስ ትከሻዬ ላይ የሞቀ ፎጣ አደርጋለሁ።

እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። በነጠላቸው ነው ያወቅኳቸው። ተማሪ ስለሆንኩ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም፣ ሆስፒታሉ የስልክ አስተርጓሚ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ እሳቸውና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንድ የማናየው ሰውዬ ከስልክ ውስጥ "በግራ ጎንዎ ይተኙ ይላሉ" ይላል። ሳቃችን መጣ። የሰላምታውን ግን ማን ይከለክለናል፣ የማን ልጅ ነሽ፣ አገርሽ የት ነው፣ ተጨዋወትን።

ፕሮቡን አሳረፍኩ። የሚትራሉ በር ወፍሯል። ሲከፈት ጫፉ ተይዞ መሀሉ ይቆለመማል። ፈረንጆቹ ይህን ቅርጽ የሆኪ ዱላ ይሉታል። ለእኔ የታየኝ የገና ዱላ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም፣ ከዚያ የሩማቲክ ትኩሳት፣ ከዚያ ከስንት ዓመት በኋላ ይሄ። ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የተማርነው፣ እዚህ አገር ብዙ አይታይማ። እኛ አገር ግን ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ደጃፍ ላይ ልጅ ይዘው የሚጠብቁ እናቶች ብዙዎቹ የሚጠብቁት ይህንኑ በር ለማሳከም ነው።

"ምን ታየሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ሐኪሙ ነው የሚነግርዎት እማማ።"

"አንቺ ግን አይተሻል።"

ዝም አልኩ። ውጤት መናገር አይፈቀድልንም፤ ደንቡ ትክክል ነው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። "ግድ የለሽም፣ ፊትሽ ነግሮኛል" ብለው እጄን ጨበጡ።

ትምህርት ቤቱ 1540 የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ በእንቅልፍ ልቤ እንድለው አድርጎኛል። ፊቴን ምን ላድርገው የሚለውን ግን አንድ ቀን አላስተማረኝም። ለዚህ ነጥብ እቀንሳለሁ። የምሬን ነው።

ፈተናውን በአጭሩ። ሁለት ነው። አንዱ ፊዚክሱ፣ ኤስፒአይ የሚሉት፣ 110 ያህል ጥያቄ በሁለት ሰዓት። ሁለተኛው የአዋቂ ልብ። ማለፊያው ከ300 እስከ 700 ባለው ሚዛን 555 ነው። ሁለቱን በአምስት ዓመት ውስጥ ማለፍ ይኖርባችኋል። ኤስፒአዩን ፊዚክሱ ከጭንቅላታችሁ ሳይወጣ፣ ገና ተማሪ ሳላችሁ ተፈተኑ። እኔ "ክሊኒካሉ ይለቅ" ብዬ አዘገየሁትና በመጀመሪያው ወደቅሁ። ክፍያው አይመለስም። እስካሁን ያልኩት የኤአርዲኤምኤስ ፈተና ነው፤ ሲሲአይ የሚባል ሌላ ፈተና ሰጪም አለ፣ ብዙ ቀጣሪዎች የሁለቱንም ፈተና ይቀበላሉ፣ ግን እናንተ የምትፈልጉት ሆስፒታል ማስታወቂያው ላይ የቱን እንደጻፈ አይታችሁ ተመዝገቡ።

ገንዘቡስ? በ2023 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ያወጣው የሶኖግራፈሮች፣ ማለትም የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች፣ መካከለኛ ደሞዝ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህንን አይቶ የሚሰክር ሰው አለ። እሱ መካከለኛው ነው፣ መነሻው አይደለም። እኔ የጀመርኩት ከዚያ በታች፣ ሁለት ቦታ በፐርዲየም ነው፣ ኢንሹራንስ የሌለው፣ ሲፈልጉ የሚጠሩኝ። ቋሚ ያገኘሁት በስምንተኛው ወር። የቀጠረኝ ደግሞ ያ ሁለተኛው ክሊኒካል ቦታዬ ነው። ፊሊፒናዊቷ ናት ስሜን የሰጠችው። አያችሁ፣ ክሊኒካል የምለው ለዚህ ነው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ፊዚክሱና ሁለተኛው ሆስፒታል ባይኖሩ ሁለት። ሙያውን ብቻ ነጥላችሁ ከጠየቃችሁኝ ግን እንደገና ብወለድም እማረዋለሁ፣ ትከሻዬን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እጠብቀው ነበር።

ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ስንት ማሽን አላችሁ፣ ስንቱ ይሠራል በሉ። ክሊኒካል ቦታውን እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ ነኝ የምፈልገው በሉ። "ራስሽ ትፈልጊያለሽ" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉ። እውቅና ያለው ፕሮግራም ስንት ተማሪ እንዳቋረጠ፣ ስንት ፈተና እንዳለፈ፣ ስንት ሥራ እንዳገኘ በይፋ ማውጣት ግዴታው ነው፤ አሳዩኝ በሉ። ከተቻለ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙ። እሷ በ20 ደቂቃ የምትነግራችሁን ምዝገባ ክፍል በዓመት አይነግራችሁም።

ሌሊት እየሠራችሁ ቀን ልትማሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እሱ በጽሑፍ አይሆንም፣ ደውሉልኝና እናውራ። ሐሙስ ግን አትደውሉ። ሐሙስ ኦንኮል ነኝ።